ዘወትር የሚደክም የአውቶሞቢል ባትሪ፤ ከመለወጡ በፊት ይመርመር

አውቶሞቢል ያለው ቤተ ሰብ ከሚያጋጥሙት ችግሮች መካከል እንደ ባትሪ መድከም ተደጋግሞ የሚያበሳጭ ጥቂት ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ ወላጆችም ወደ ሥራ ለመሄድ ተዘጋጅተው ሳለ፥ ቁልፉ በዞረ ጊዜ ሞተሩ ‹‹ጠቅ›› ከማለት በቀር ሌላ ድምፅ አይሰጥም። ጎረቤት ተጠርቶ መኪናው ይገፋል፤ ወይም ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ኃይል ተወስዶ ይነሣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ያው ነገር ይደገማል። በሌሊት ሕመምተኛን ወይም ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ባስፈለገ ጊዜማ፥ ነገሩ ከመበሳጨት አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ ባትሪውን አውጥቶ በአዲስ መለወጥ ነው። አዲሱም ባትሪ ጥቂት ሳምንት ደኅና ሆኖ ይሠራና እንደ ፊተኛው ይደክማል። ያን ጊዜ የባትሪው ሻጭ ይወቀሳል፤ መካኒኩ ይታማል፤ አንዳንድ ጊዜም የቤቱ ልጅ ያለ በደሉ ይቈጣል። ለልብስና ለቀለብ ይሆን የነበረው ገንዘብም ይባክናል። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› እንደ ተባለው ሁሉ፥ የባትሪውንም በሽታ ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ማንም አስተዋይ ሰው በቤቱ ሆኖ ሊያደርገው የሚችለውን ምርመራ በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ባትሪ ምን ይሠራል?

በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ውስጥ የሚገኘው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ይባላል። ይህን ዓይነት ባትሪ በመጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1859 ነበር። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፥ ስድስቱ በአንድነት 12.6 ቮልት ይሆናሉ። እንግዲህ ‹‹የ12 ቮልት ባትሪ›› መባሉ ለአጠራር ያህል ነው እንጂ፥ ተለክቶ 12 ቮልት ብቻ የሚያሳይ ባትሪ ከኃይሉ ሩብ ያህል ብቻ የቀረው ነው።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ለመረዳት ባትሪውን እንደ ጎተራ መቍጠር ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ በቺንጋ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተር እህል የሚያገባ ገበሬ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፥ መብራቱ፥ ክላክሱና ሬዲዮው ደግሞ ከዚያ ጎተራ የሚቀለቡ ናቸው። ጎተራ ባዶ የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ጎተራው ራሱ አርጅቶ የገባበትን መያዝ ሲሳነው፤ ሁለተኛ፥ ጎተራው ደኅና ሳለ የሚገባው እህል ሲያንስ፤ ሦስተኛ፥ ጎተራውም ገበሬውም ደኅና ሆነው ሳሉ አይጥ በሌሊት ሰው ሳያያት ስትበላ ነው። አዲስ ባትሪ መግዛት ለመጀመሪያው በሽታ ብቻ ፈውስ ይሆናል፤ ለሁለቱ ግን አይሆንም። የምርመራውም ዓላማ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

አስቀድሞ መጠንቀቅ

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ በውስጡ ያለውም አሲድ ልብስን ይበላል፥ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። ስለዚህ በባትሪ አጠገብ ሲጋራ ማጨስ፥ ክብሪት መጫር ወይም ሻማ ማብራት ፈጽሞ አይገባም፤ ልጆችም ይራቁ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ በብረት ሰንሰለት የተንጠለጠለ የአንገት መስቀልም ወደ ልብስ ውስጥ ይግባ፤ ብረት የባትሪውን ሁለት ጫፎች በአንድነት የነካ እንደ ሆነ እንደ እሳት ግሎ ሥጋን ያቃጥላልና። አሲድ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በዓይን የሚታየው

ከመለካት በፊት ኮፈኑን ከፍቶ በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ቢኖር፥ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነካ የሚወዛወዝ ቢሆን፥ ባትሪው ሙሉ ሆኖ እንኳ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው በሚገባ አይደርስም፤ አልተርኔተሩም ሊሞላው አይችልም። ይህን ለማጽዳት አስቀድሞ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ጫፍ፥ ቀጥሎም የመደመር ምልክት ያለበትን መፍታት ነው። ከዚያም ለዳቦ የሚጨመረውን ቤኪንግ ሶዳ ለብ ባለ ውኃ በጥብጦ፥ ውኃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ እየተጠነቀቁ በብሩሽ ማሸት፥ አድርቆም መልሶ ማጥበቅ ነው። ሲመለስ የመደመሩ ይቀድማል፥ የመቀነሱ ይከተላል። በመጨረሻም ጥቂት ቫዝሊን ቢቀባ ዝገቱ ቶሎ አይመለስም። አንዳንድ ሬዲዮኖች ኤሌክትሪክ ከተቋረጠባቸው በኋላ የምሥጢር ቍጥር ስለሚጠይቁ፥ ባትሪውን ከመፍታት በፊት ቍጥሩን ማግኘት መልካም ነው።

ባትሪው ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ የውስጡ ውኃ የእርሳሱን ሰሌዳዎች መሸፈኑን ማየት ያስፈልጋል። ቢጐድል የሚጨመረው ለባትሪ ተብሎ የተጣራ ውኃ ነው እንጂ የቧንቧ ውኃ አይደለም፤ አሲድም አይጨመርበትም። እንዲሁም ቺንጋው የላላ ወይም የተሰነጣጠቀ መሆኑን መመልከት፥ ባትሪው ከተገዛ ስንት ዓመት እንደ ሆነውም ማስታወስ ይገባል። የባትሪ ዕድሜ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በቆላ አገር ሙቀቱ ስለሚጐዳው ከዚህ ያጥራል።

ጎተራውን መለካት

ለቀሪው ምርመራ የሚያስፈልገው ቴስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ይህም በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገኝ ሲሆን ዋጋው ከአዲስ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ባለቤቱ መለካት ባይደፍር እንኳ ምን መለካት እንዳለበት ማወቁ በጋራዥ ትክክለኛውን ነገር ለመጠየቅ ይረዳዋል።

መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፥ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ መለኪያው በቀጥተኛ ቮልት ላይ ተደርጎ፥ ቀዩ ሽቦ የመደመሩን ጥቁሩ የመቀነሱን ጫፍ ይንኩ። 12.6 ቮልት ቢያሳይ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ቢያሳይ ሦስት አራተኛ ያህል፥ 12.2 ቢያሳይ ግማሽ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው። ከ11.9 በታች ከሆነ አልቋል። ቀጥሎም ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣ ቍጥሩን መመልከት ነው፤ ሙሉ ነው የተባለው ባትሪ በማስነሣቱ ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ፥ ጎተራው ራሱ አርጅቷል ለማለት ይቻላል።

ባትሪው ያለቀ ሆኖ ቢገኝ ግን ወዲያው አርጅቷል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ባዶ መሆንና መበላሸት ልዩ ልዩ ናቸውና፥ አስቀድሞ በባትሪ መሙያ በዝግታ መሙላት ያስፈልጋል። ይህም ማለት ለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ 4.5 አምፔር ያህል እየሰጡ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ 10 ወይም 12 ሰዓት ማቈየት ነው። ሞልቶ፥ ከመኪናው ተፈትቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ቍጥሩ ብዙ የወረደ እንደ ሆነ መለወጥ ይገባዋል፤ ባይወርድ ግን ጥፋቱ በሌላ ስፍራ ነው። ባዶውን ብዙ ቀን የቆየ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ ጠጣር ነገር ስለሚጋገርበት የቀድሞ ኃይሉ ሁሉ አይመለስለትም፤ ስለዚህ በመሙላቱ አለመዘግየት ነው።

ገበሬውን መለካት

አሁን ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ በዚያው አኳኋን ይለካ። ቍጥሩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል ከሆነ አልተርኔተሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የፊት መብራቱና የአየር ማራገቢያው በርተው ነዳጁ ጥቂት ሲረገጥ ቍጥሩ ከ13 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ባትሪው እየተበላ ነው እንጂ እየተሞላ አይደለም። ጥፋቱ በላላ ቺንጋ፥ በተበላሸ ገመድ ወይም በራሱ በአልተርኔተሩ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ቍጥሩ ከ15 ቮልት በላይ ቢወጣ ተቈጣጣሪው ተበላሽቷል፤ ባትሪው ከልክ በላይ እየሞላ ውኃው ይተንናል፥ በጥቂት ጊዜም ይሞታል። ይህን የሚያስተካክለው የአውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

ሌላም የሚታሰብ አለ። አልተርኔተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ጊዜ የሚያጣበት ሁኔታ ይገኛል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ መኪናው በየቀኑ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ፥ ያውም በክረምት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ እየሠራ በመኪና ብዛት መካከል እየቆመ የሚጓዝ ከሆነ፥ በማስነሣት የወጣው ኃይል ሳይመለስ ሞተሩ ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒቱ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ጉዞ ማድረግ ወይም አልፎ አልፎ በባትሪ መሙያ መሙላት ነው።

አይጧን መያዝ

ባትሪውም አልተርኔተሩም ደኅና ሆነው ከተገኙ የቀረው ምክንያት መኪናው ቆሞ ሳለ በስውር ኃይል የሚጠጣ ነገር መኖሩ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ እናስብ። መኪናቸው ዓርብ ማታ ቆሞ ሰኞ ጧት አይነሣም። አባት ታላቁን ልጅ ጠርቶ ‹‹ሬዲዮ ስትሰማ አምሽተህ ነው›› ይለዋል። ልጁም ‹‹አባባ፥ እኔ አልነካሁትም›› ይላል፤ የሚያምነው ግን የለም። እውነቱ ሲመረመር ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ክዳን ሲዘጋ መጥፋት የነበረበት የ5 ዋት ትንሽ አምፖል ማጥፊያው ስለ ተበላሸ ሌት ተቀን ይበራል። 5 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 0.42 አምፔር ያህል ነው። ይህም በቀን 10 አምፔር ሰዓት፥ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ባለው 60 ሰዓት ደግሞ 25 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ከሆነው ባትሪያቸው ከግማሽ በላይ ተበላ ማለት ነው። ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱ ስለማይታይ ጥፋቱ በልጁ ላይ ተላከከ።

እንዲህ ያለውን ጥፋት ማግኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ሁሉ ነገር ይጥፋ፤ ቁልፉም ይነቀል። የፊውዝ ሣጥኑ በመኪናው ውስጥ ከሆነ በሩ ክፍት ሆኖ የበሩ መቈለፊያ በእጅ ተገፍቶ እንደ ተዘጋ ይደረግ፤ አለዚያ የጣራው መብራት ይበራና ምርመራውን ያሳስታል። ከዚያ የመቀነስ ምልክት ያለበት ገመድ ከባትሪው ይፈታ። የመለኪያው ቀይ ሽቦ 10 አምፔር ተብሎ በተጻፈው ቀዳዳ ይሰካ፤ መለኪያውም በተፈታው ገመድና በባትሪው ጫፍ መካከል እንደ ድልድይ ይግባ። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር አይገባም፤ ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ መለኪያውን ያቃጥለዋልና።

በመጀመሪያ የሚታየው ቍጥር ከፍ ያለ ቢሆን አያስደንግጥ፤ የዛሬ ዘመን መኪናዎች ውስጣቸው ያሉት መሣሪያዎች እስኪተኙ ድረስ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃሉ። ከዚያ በኋላ ከ0.02 እስከ 0.05 አምፔር ቢነበብ ደኅና ነው፤ ይህ ለሰዓትና ለመሳሰለው የሚያስፈልግ ቀለብ ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠ ከሆነ ግን ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል፥ ቍጥሩን ማየት፥ ቀጥሎም ወደ ስፍራቸው መመለስ ነው። አንዱ ፊውዝ በተነቀለ ጊዜ ቍጥሩ ድንገት ከወረደ አይጧ በዚያ መሥመር ላይ ተገኘች። የፊውዙ ሣጥን ክዳን ያ መሥመር ለምን እንደሚያገለግል ያሳያል።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት ጥፋተኞች የዕቃ መጫኛውና የመሳቢያው መብራቶች፥ በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ፥ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል፥ መኪናው ያለበትን ስፍራ የሚናገር መሣሪያ፥ ተሰክቶ የተረሳ የስልክ መሙያ ናቸው። የፋብሪካ ሥራ ያልሆነና ያለ ጥንቃቄ የተቀጠለ ሽቦ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠርጠር። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቍጥሩ ካልወረደ አልተርኔተሩ በውስጡ ባለው ዲዮድ መበላሸት ምክንያት በሌሊት ባትሪውን መልሶ እየጠጣ ሊሆን ስለሚችል፥ ይህን ለባለሙያ መንገር ነው።

መኪናው ጤናማ ሆኖ እንኳ ቢቆም ቀለቡን መብላቱን አይተውም። በ0.05 አምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ ይህ በሦስት ሳምንት 25 አምፔር ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ለንግሥ በዓል ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድና መኪናው ብዙ ቀን ሲቆም የመቀነሱን ገመድ ፈትቶ መሄድ ይበጃል።

ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድ

ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ መኪናውን ማስነሣት ግድ ቢሆን ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሁለቱም መኪናዎች ይጥፉ፤ አካላቸውም አይነካካ። የቀዩ ገመድ አንድ ጫፍ በደከመው ባትሪ መደመር፥ ሌላው ጫፍ በደኅናው መደመር ላይ ይታሰር። የጥቁሩ አንድ ጫፍ በደኅናው መቀነስ ላይ ይታሰርና፥ ሌላው ጫፍ የደከመው መኪና ሞተር ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ፥ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰር። የመጨረሻው ማሰሪያ የእሳት ፍንጣሪ ስለሚያወጣ ጋዝ ከሚወጣበት ባትሪ መራቁ ስለዚህ ነው። ደኅናው መኪና ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የደከመው ይነሣ፤ ገመዶቹም በታሰሩበት ተቃራኒ ተራ ይፈቱ። ገፍቶ ማስነሣት በእጅ ማርሽ ለሚለወጥ መኪና እንጂ ራሱ ለሚለውጠው አይሆንም።

ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በመንገዶቻችን ላይ በዝተዋል። እነዚህም ከትልቁ ባትሪ ሌላ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ መኪናውን የሚያነቃው ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ ትንሹ ቢያልቅ በሩ እንኳ በቁልፉ ላይከፈት ይችላል። ትንሹን ባትሪ መለካት ከላይ እንደ ተነገረው ነው፤ ብርቱካን ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ግን ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም መንካት የለበትም፤ በውስጣቸው የሚያልፈው ኃይል ሰውን ይገድላል።

አሮጌው ባትሪ

በመጨረሻ ተመርምሮ በእርግጥ ያረጀው ባትሪ በግቢ ጥግ አይጣል፤ ለልጆች መጫወቻም አይሁን። እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው። ባትሪን በመኖሪያ ስፍራ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ ጎረቤትን ሁሉ መመረዝ ስለሆነ፥ አሲዱ ሳይፈስ እንደ ተዘጋ ለባትሪ ሻጭ ወይም በሥርዓቱ ለሚሰበስብ ድርጅት ማስረከብ ይገባል።

ውድ አንባቢያን፤ ሥራውን በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፥ ቆሞ ያደረው ባትሪ 12.6፥ የሚሠራው ሞተር 14 ያህል፥ የተኛው መኪና ከ0.05 ያልበለጠ የሚሉትን ሦስት ቍጥሮች ባትሪው ከተገዛበት ቀን ጋር በትንሽ ደብተር ጽፎ በመኪናው ውስጥ ማኖር ይበቃል። በየሦስት ወሩ እየለኩ ቢመዘግቡ ችግሩ ሳይብስ ይታወቃል፤ ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የተባለውም ለዚህ ነው። ደብተሩ ያለው ቤተ ሰብ ገንዘቡን የት ማውጣት እንዳለበት ያውቃል፤ ሳይመረምርም ልጁን አይቈጣም።